የሞተር የፊት ጎማ ሴንተር ማድረግ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጎማ ማቃናትና ጎማ ሴንተር ማድረግ አንድ ነገር ይመስለዋል፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበር የማስበው። ግን አንድ አይደሉም። ራጂ (መሀሉን ከጠርዙ የሚያገናኙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ያለው ጎማ ስታሽከረክሩት ግራ ቀኝ ሳይል ቀጥ ብሎ ሊዞር ይችላል፣ ሆኖም ቸርኬው (ላስቲኩ የሚገጠምበት ክብ) በሙሉ 5 ሚሊ ወደ አንዱ የፎርቼላ (የፊት ጎማውን ከሁለት ጎን የሚይዘው ሹካ) እግር ተጠግቶ ሊሆን ይችላል። አይን ላይ ምንም ስህተት የለውም፣ የፊትና የኋላ ጎማው ግን በአንድ መስመር አይሄዱም። ሴንተር ማድረግ የሚባለው እንግዲህ ቸርኬው ከሁለቱም የፎርቼላ እግሮች እኩል ርቆ መሀል እንዲቀመጥ ራጂዎቹን መወጠርና ማላላት ነው።

ራጂ ይጎትታል እንጂ አይገፋም፣ ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ከሞዞው (ራጂዎቹ የሚነሱበት የጎማው መሀል) በቀኝ በኩል የሚነሱት ራጂዎች ቸርኬውን ወደ ቀኝ ይስቡታል፣ የግራዎቹ ወደ ግራ፣ በቃ ገመድ ጉተታ በሉት። ስለዚህ ቸርኬው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ የግራዎቹን በሙሉ ትንሽ ታላላላችሁ የቀኞቹን በሙሉ በዛው ልክ ታጠብቃላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካደረጋችሁት ግን የሚስተካከለው እዛች ቦታ ላይ ያለው መወላገድ ነው፣ እሱ ማቃናት ነው።

የድሮ ኦፍሮድ ሞተሮች ላይ ነገሩ የሚከብደው በፍሬኑ ምክንያት ነው። ለምሳሌ ያማሃ ኤክስቲ 500ን ውሰዱ፣ ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቮ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር ያሸነፈበት ማለት ነው፣ የፊት ጎማው 21 ኢንች ሆኖ ፍሬኑ ታምቡር (ሞዞው ውስጥ ያለ ፍሬን) ነው። ታምቡር ያለው ሞዞ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጎኑ እኩል አይደለም፣ ፍሬኑ ያለበት በኩል ሰፊ ሌላው በኩል ጠበብ ያለ ይሆናል፣ የሁለቱ ወገን ራጂም ቁመቱ ሊለያይ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የሰራሁት ጎማ ላይ ቸርኬውን የሞዞው መሀል ላይ አስቀምጬ ሁለት ማታ ሙሉ አቃናሁት፣ በጣም ቆንጆ ሆኖ ነበር፣ ፎርቼላው ላይ ስገጥመው ግን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ አገኘሁትና እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። መሀሉ የሚለካው ከሞዞው ሳይሆን ከፎርቼላው ነው።

ለዛ ነው የድሮውን ራጂ ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ የምለው፣ በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ቀጥ ያለ ብረት የሞዞው ጠርዝ ላይ አጋድማችሁ ከብረቱ እስከ ቸርኬው ጠርዝ ስንት ሚሊ እንደሆነ ጻፉ፣ ከየትኛው ጎን እንደለካችሁም ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ራጂው አንዴ ከተቆረጠ ያ ቁጥር አብሮ ይጠፋል። ጎማው ቀድሞም የተበላሸ ነበር ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፔርኖውን (ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ)፣ ስፔሰሩን (በጎኑ የሚገባውን ቀለበት) እና የፍሬን ክዳኑን በሙሉ ገጥማችሁ ከፎርቼላው እግር እስከ ቸርኬው በሁለቱም ጎን ለኩ። ላስቲኩን ሳይሆን ቸርኬውን ነው የምትለኩት፣ ላስቲክ ራሱ ተጣሞ ሊቀመጥ ይችላል። ፎርቼላው ከተጠማዘዘ ወይ ኩሽኔታው (የሞዞው ቤሪንግ) ከላላ ግን ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው፣ መጀመሪያ እነሱን እዩ።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት የቁልፉ አቅጣጫ ነው። ላስቲኩ ወልቆ ከውጭ በኩል በካቻቢቴ ስታዞሩት የራጂው ፍሬ (ራጂውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው) እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ከሞዞው በኩል ቆማችሁ ስታዩት ግን ተገላቢጦሽ ነው። ግራ ከገባችሁ ሁሌም ከውጭ እንደምታዩት አስቡት።

በአንዴ ከሩብ ዙር በላይ አትሂዱ። የድሮ ራጂ ከሆነ ዝገት የሚያላላ ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደማላላት ሞክሩ፣ ፍሬው ተጣብቆ ከሆነ ራጂው ራሱ ነው የሚጠመዘዘው። እኔ ሴንተሩን ቀድሜ ነው የማስተካክለው፣ ከዛ ከፍ ዝቅ የሚለውን፣ በመጨረሻ ግራ ቀኙን፣ ከዛ ተመልሼ ሁሉንም አያለሁ ምክንያቱም አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ለመለኪያ ፎርቼላው ላይ የታሰረ ቁራጭ ሽቦ ጫፉ ቸርኬውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ይበቃል። ብዙ የፋብሪካ ማኑዋሎች እስከ 2 ሚሊ ድረስ መወላገድን ይፈቅዳሉ፣ ከ1 ሚሊ በታች ካደረሳችሁት በጣም ጥሩ ነው። የድሮ ቸርኬ የተበየደበት ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ካለው እሱን በራጂ ለማጥፋት አትድከሙ፣ አይጠፋም፣ እዛ አካባቢ ያሉትን ራጂዎች ብቻ ታበላሻላችሁ።

ሲያልቅ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በቁልፍ መታ መታ አድርጓቸው፣ የጠበቀው ጥርት ያለ ድምፅ አለው የላላው ዱብ ነው የሚለው። አጭርና ረጅም ራጂ ካለው የአንዱን ወገን ከራሱ ወገን ጋር ብቻ አወዳድሩ። ከፍሬው አልፎ የወጣ የራጂ ጫፍ ካለ በሞረድ እኩል አድርጉት፣ ካልሆነ ካላማዳሪያውን (አየር የሚሞላውን የውስጥ ጎማ) ይበሳዋል። አዲስ ራጂ ደግሞ ስትነዱት ቦታውን ይይዝና ይላላል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና መታ መታ እያደረጋችሁ አጥብቁት፣ ሴንተሩንም በዛው ለኩት።