ቀይ ባሕርና አደገኛ ነዋሪዎቹ

ባሕር ሲባል ቶሎ ሻርክ የሚታየው ሰው ብዙ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ ሰውን አዘውትሮ የሚጎዳው ግን ዝም ብሎ ተኝቶ የሚረገጥ ፍጥረት ነው። ሻርኩም አለ፤ አልፎ አልፎም ይገድላል። ሁለቱንም ማወቅ አይከፋም፤ በተለይ ጅዳ፣ ኤላት ወይም ጅቡቲ ለሚኖር፣ ሙቀቱ ሲበረታ ውሃ ውስጥ መግባት ለሚያምረው ሰው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀይ ባሕር ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ወደ 2,250 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ይህ ነው የሚባል ወንዝ አይገባበትም። ውሃው ሙቅ፣ ጨዋማና የጠራ ነው፤ ለኮራል ደግሞ ተስማሚ ነው። አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በሲና ዳርቻ፣ ከአሸዋው ትንሽ ራቅ እንዳሉ መሬቱ ይጠፋና ገደል ይሆናል። ሌላ አገር ከዳር ርቀው የሚውሉ የጥልቅ ባሕር ሻርኮች እዚህ ዋናተኛ አጠገብ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ከእነዚህ አንዱ የክንፎቹ ጫፍ ነጭ የሆነው ኦሺያኒክ ዋይትቲፕ ነው። ምግብ በማይገኝበት ሰፊ ባሕር ስለሚኖር ያገኘውን ሁሉ ቀርቦ ይመረምራል። ድርቅ ያለ ሻርክ ነው፤ ሲያባርሩት ተመልሶ ይመጣል። ሌላው ታይገር ሻርክ ነው፤ ይህኛው ደግሞ አይመርጥም። ኤሊ፣ ወፍ፣ ሬሳ፣ ሁሉንም ይበላል። ሃመርሄድ የሚባለው መዶሻ ራስ ግን መልኩ ያስፈራል እንጂ ሰው ላይ ብዙም አይደርስም።

በዲሴምበር 2010 በግብፅ የመዝናኛ ከተማ ሻርም ኤል ሼክ ውስጥ በጥቂት ቀናት ልዩነት በርከት ያሉ ቱሪስቶች ተነከሱ። አንዲት የ70 ዓመት ጀርመናዊት ሞቱ። ባሕር ዳሩ ተዘጋ፤ ከውጭ ባለሙያዎች ተጠሩ። የደቡብ ሲናው ገዥ ሻርኩን የእስራኤል ስለላ ድርጅት ሞሳድ ልኮት ሊሆን ይችላል የሚለውን ወሬ እንኳ ከግምት ውጭ አላደረጉትም ነበር። ባለሙያዎቹ ያነሷቸው ምክንያቶች ግን ሌላ ናቸው። እንስሳት የጫኑ መርከቦች የሞቱ በጎችን ባሕር ላይ ጥለዋል። ዓሣ ከልክ በላይ ተጠምዷል። ጎብኚና ጠላቂ ደግሞ ዓሦችን በእጁ ያበላል። በሰው እጅ መብላት የለመደ ሻርክ እጅ ሲያይ ምግብ ይጠብቃል።

ከዚያ በኋላም አልቆመም። በጁላይ 2022 ከሌላዋ የግብፅ ከተማ ከሁርጋዳ ደቡብ ሁለት ሴቶች ሞቱ። በጁን 2023 እዚያው ሁርጋዳ አንድ ወጣት ሩሲያዊ በታይገር ሻርክ ተገደለ፤ ቪዲዮው ዓለምን አዳረሰ። ያ ቪዲዮ ካስፈራችሁ አንድ ቁጥር ልጨምር። የፍሎሪዳው ዓለም አቀፍ የሻርክ ጥቃት መዝገብ በ2024 በመላው ዓለም ያለ ትንኮሳ የተፈጸሙ 47 ንክሻዎችን መዝግቧል፤ ከእነዚህ 4 ሰዎች ሞተዋል። ሰው በዓመት የሚገድላቸው ሻርኮች ደግሞ፣ በ2013 የወጣ ጥናት እንደገመተው፣ ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ከቀይ ባሕር ወጣ ብለን ሜዲትራኒያን ላይ ያለችውን የእስራኤሏን ሐዴራን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገባናል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። የኤሌክትሪክ ጣቢያው ሙቅ ውሃ ወደ ባሕሩ ስለሚለቅ በክረምት ሻርኮች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሰዎችም ሊያዩአቸው ይሄዳሉ፤ አብረው ይዋኛሉ፤ አንዳንዱ ያበላቸዋል፤ ሊነካቸው የሚሞክርም አለ። ለዓመታት ምንም አልተፈጠረም። በኤፕሪል 2025 ግን አንድ ዋናተኛ ተገደለ።

አሁን ወደ ሚረገጡት እንምጣ። ስቲንግሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ የሻርክ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ጠንካራ አጥንት የላቸውም፣ አካላቸው የቆመው በልም አጥንት ነው። በቀይ ባሕር የሚዘወተረው ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለው ዓይነት ነው። አሸዋ ለብሶ እንደ ምጣድ ተለጥፎ ይተኛል። ሰው ሲረግጠው ጅራቱን ወደ ላይ ይመታል። ጅራቱ ላይ ጠርዙ እንደ መጋዝ የሆነ መርዛማ እሾህ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጋው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው፤ ያማል፣ ግን አይገድልም። የአውስትራሊያው የቴሌቪዥን ሰው ስቲቭ ኧርዊን በ2006 የሞተው እሾሁ ደረቱን ስለወጋው ነው፤ እንዲህ ያለው በጣም ብርቅ ነው። መከላከያው ቀላል ነው፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየጠረጉ መሄድ። ስቲንግሬዩ ንዝረቱን ሰምቶ ይሸሻል። ግዙፉ ማንታ ሬይ ግን መርዛማ እሾህ የለውም። በኤሌክትሪክ የሚያንዘረዝር ቶርፒዶ የሚባል ሬይም አለ፤ የጥንት ሮማውያን ሐኪሞች ለራስ ምታት በሽተኛው ላይ ያስቀምጡት ነበር።

ከሁሉ የከፋው ስቶንፊሽ የሚባለው ዓሣ ነው። ድንጋይ ይመስላል፣ እንደ ድንጋይም ይቀመጣል፣ ሰው ሲቀርበው አይነቃነቅም። ጀርባው ላይ 13 መርዛማ እሾሆች አሉት። ሕመሙ ትልቅ ሰው ያስጮሃል፤ ቶሎ ካልታከመ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። መድኃኒቱ አውስትራሊያ ውስጥ በ1959 ተሠርቷል፤ እንደ ልብ ግን አይገኝም። ለስቶንፊሽም ለስቲንግሬይም የመጀመሪያው እርዳታ አንድ ነው፦ የተወጋውን እግር 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል። ውሃው እንዳያቃጥል ግን መጀመሪያ ባልተጎዳው እግር ይሞከር፤ የተወጋው ሕመም ላይ ስለሆነ ሙቀቱን በደንብ አይለየውም። ጄሊፊሽ ሲለበልብ ሽንት ይደረግበት የሚባለው ግን አይረዳም፤ እንዲያውም ሊያባብስ ይችላል። ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ ብዙውን ጣጣ ያስቀራል፤ የስቶንፊሽ እሾህ ግን ስስ ጫማ ሊበሳ ይችላል።

ዛጎል የሚለቅም ሰው ደግሞ ከኮን ቀንድ አውጣ ይጠንቀቅ። ዛጎሉ የሚያምር ነው፤ ከውስጡ ግን መርዝ ያለው ጥርስ ይወረውራል። የአንዳንዱ ዝርያ መርዝ ሰው ይገድላል። ከዘመዶቹ ከአንዱ መርዝ የተነሳ ብርቱ ሕመም ማስታገሻ፣ ዚኮኖታይድ፣ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል።

መርዝ ሻርክንም ያሸንፋል። አሜሪካዊቷ የዓሣ ተመራማሪ ዩጂኒ ክላርክ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው ትንሽ ጠፍጣፋ የሙሴ ዓሣ ነጭ ፈሳሽ እንደሚያወጣ አስተዋለች። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል መሃል ተገኝቶ ለሁለት ተሰንጥቆ የቀረ ነው ይባልለታል። ሻርክ ሊነክሰው ሲል አፉ እንደተከፈተ ይቀርና እየተወራጨ ይሄዳል። ፈሳሹን የሻርክ ማባረሪያ አድርጎ ለገበያ የማውጣት ሐሳብ ነበር፤ አልሆነም።

ለእኛ የሚቀርበው ግዙፍ ሻርክ ደግሞ ማንንም አይነካም። ጅቡቲ አጠገብ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ከኖቬምበር ጀምሮ ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። የዓለማችን ትልቁ ዓሣ ነው። የሚበላው ግን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን ነው። ጎብኚዎች አብረውት ይዋኛሉ፤ ጉዳት የሚደርስበት እሱ ነው፣ በጀልባ ሞተር።

የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ የቀይ ባሕር ፍጥረታት ወደ ሜዲትራኒያን ሲሰደዱ ኖረዋል። ብርማ ጉንጭ ያለው መርዘኛ ፓፈርፊሽ ከእነሱ አንዱ ነው። ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ እስራኤል ውስጥ 13 ሰዎች በልተውት ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሁሉም ድነዋል። ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። እንደ እሱ የተሰደደው እሾሃም ላየንፊሽ ግን መርዙ እሾሁ ላይ ብቻ ነው። ቆጵሮስ ውስጥ እሾሁን በመቀስ ቆርጠው ያበስሉታል፤ ምግብ ቤቶችም ይሸጡታል።