ኢንተርፌሮን ምንድን ነው?

ጉንፋን ሲጀምረን የመጀመሪያውን ቀን አስታውሱት። አፍንጫ ገና ሳይፈስ አጥንት ይቆረጥማል። ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ብርድ ብርድ ይለናል። ጋቢ ተከናንበን ቫይረሱን እንራገማለን። ያንን ቁርጥማትና ትኩሳት በአብዛኛው የሚያመጣው ግን ቫይረሱ ራሱ አይደለም። የገዛ ሰውነታችን የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ኢንተርፌሮን ይባላል።

የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የዛሬዎቹ እንክብሎች ከመምጣታቸው በፊት ሕመምተኞች ለወራት ኢንተርፌሮን በመርፌ ይወጉ ነበር። ብዙዎቹ በተወጉ በሰዓታት ውስጥ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጡንቻ ሕመም ይይዛቸው ነበር። የጉንፋን ቫይረስ ሳይነካቸው የጉንፋን ስቃይ!

ፕሮቲኑ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን ውስጥ ነው። አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ጫጩት ከያዘ እንቁላል ውስጥ ስስ ሽፋን አወጡ። ሽፋኑን በሙቀት ከተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ጋር ዘፈዘፉት። ከዚያ ፈሳሹን ወስደው ምንም ላልነካው ሌላ ሽፋን ሰጡት። በዚህኛው ላይ ሕያው ቫይረስ ቢጨምሩበትም ቫይረሱ እንደልቡ መራባት አቃተው። ፈሳሹ ውስጥ በቫይረሱ ሥራ ጣልቃ የሚገባ ነገር ነበር። ስሙም ከዚያው ወጣ፤ በእንግሊዝኛ «ጣልቃ መግባት» ከሚለው ቃል።

አሠራሩ የሰፈር ኡኡታ ነው። ሌባ የገባበት ቤት ይጮኻል፣ ጎረቤት ሰምቶ በሩን ይቀረቅራል። ቫይረስ የገባበት ሴል ኢንተርፌሮን ይለቃል። አጠገቡ ያሉት ሴሎች ሲደርሳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ። ከዚያ የሚመረቱት ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ የቫይረሱን አርኤንኤ፣ ማለትም የመራቢያ መመሪያውን፣ ይቆራርጣሉ። ሌሎቹ ሴሉ ፕሮቲን መሥራቱን እንዲያቆም ያደርጋሉ። ቫይረስ የራሱ ማምረቻ ስለሌለው የሴሉ ሲቆም እሱም ይቆማል።

ኡኡታው ነጭ የደም ሴሎችንም ይጠራል። ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ቦታው ይሞቃል፣ ያብጣል። ብግነት የምንለው ይህ ነው። ለጥቂት ቀን ያድነናል፤ አልበርድ ካለ ግን የራሳችንን ሳንባ ያቃጥላል። ስለዚህ ጩኸቱን የሚያበርድ ያስፈልጋል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። አይኤስጂ 15 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እንዲመረት የሚያዘው ራሱ ኢንተርፌሮን ነው። የሌላቸው አይጦች በቫይረስ በቀላሉ ይጠቃሉ። ሰውም እንደዚያው ይሆናል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ያለዚህ ፕሮቲን የተወለዱ ሰዎች ሲገኙ ግን ቫይረስ ከሌላው ሰው የበለጠ አላጠቃቸውም። የእነሱ ችግር የኢንተርፌሮኑ ኡኡታ አለማባራቱ ነው። አንዳንዶቹ ልጆች አንጎላቸው ውስጥ ካልሲየም ተጠራቅሞ ተገኘ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። አይኤስጂ 15 ሰው ውስጥ ዩኤስፒ 18 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል። ዩኤስፒ 18 ደግሞ ሴሉ የኢንተርፌሮንን ጥሪ መስማት እንዲያቆም ያደርጋል። ጩኸቱ ማብረጃውን ይዞ ነው የሚመጣው ማለት ነው።

ኮቪድ ሁለቱንም ገጽታ አሳየን። እ.ኤ.አ. በ2020 በጠና ከታመሙት ውስጥ ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆኑት የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ ፀረ-እንግዳ አካል ደማቸው ውስጥ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጮኽ ሲጠፋ ቫይረሱ በነጻነት ተራባ። ብግነቱ ዘግይቶ፣ ግን ከብዶ መጣ። በዚያው ዓመት ብሪታንያ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ ብግነት የሚያበርደው ዴክሳሜታዞን በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕመምተኞች መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። ኦክስጅን ያላስፈለጋቸውን ግን አልጠቀማቸውም።

ሐኪም «ከጀመረሽ ስንት ቀን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው አንዱ ለዚህ ነው። ትኩሳት በያዛችሁ በማግስቱ ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን ገዝታችሁ በራሳችሁ አትውሰዱ። በዚያ ሰዓት ጩኸቱ ገና ያስፈልጋችኋል።