ኪ ዌስት፦ ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የደሴት ዕረፍት አጠቃላይ ዳሰሳ

ኪ ዌስት በአሜሪካ የፍሎሪዳ ኪዝ ከሚባሉት ደሴቶች በመኪና የሚደረስባት የመጨረሻዋ ናት። ርዝመቷ ወደ 6.5 ኪሎ ሜትር፣ ወርዷ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን 26,000 ያህል ነዋሪ አላት። ኩባ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቅ፣ ማያሚ ግን በመኪና 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፔናውያን «ካዮ ዌሶ»፣ ማለትም የአጥንት ደሴት፣ ያሏትን እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ኪ ዌስት አደረጓት። ውርጭ ተመዝግቦባት አያውቅም፤ ዶሮዎችም በየመንገዱ እንደ ልባቸው ይንጎራደዳሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደሴቲቱ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅረኛሞች መዳረሻ የሆነችው በማስታወቂያ አይደለም። የባሕር ኃይሉ ጣቢያ በ1974 ሲዘጋ የከተማዋ ኢኮኖሚ ወደቀ፤ በእንጨት የተሠሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶችም በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ከገዟቸው መካከል ብዙዎቹ ከትልልቅ ከተሞች የመጡ ግብረ ሰዶማውያን ወንዶች ነበሩ፤ የፈራረሰውን ጠግነው የእንግዳ ማረፊያ፣ የሥዕል ማሳያና ምግብ ቤት አደረጉት። በ1978 ኪ ዌስት ቢዝነስ ጊልድ የተባለውን የነጋዴዎች ማኅበር መሠረቱ። በ1983 ከተማዋ ሪቻርድ ሄይማንን ከንቲባ አድርጋ መረጠች፤ ማንነቱን ሳይደብቅ የተወዳደረ ሰው ነበር። በ2000 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት «አንድ ሰብዓዊ ቤተሰብ» የሚለውን ሐረግ የከተማዋ ይፋዊ ፍልስፍና አድርጎ አጸደቀ። ሰኔ 2003 የቀስተ ደመናውን ሰንደቅ የነደፈው ጊልበርት ቤከር ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሰንደቅ አዘጋጅቶ ዱቫል ጎዳና ላይ ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው ባሕር ተዘረጋ።

ከተማዋና ክፍለ ሀገሯ አንድ አይደሉም

እቅድ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ሊገባው የሚገባው ይህ ነው። ከተማዋ በራሷ ደንብ በፆታዊ ዝንባሌና በጾታ ማንነት ምክንያት መድልዎን ትከለክላለች፤ የፍሎሪዳ መንግሥት ግን በሌላ አቅጣጫ ሄዷል። በዱቫልና በፔትሮኒያ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የነበረው ባለ ቀስተ ደመና የእግረኛ መሻገሪያ በ2025 በክፍለ ሀገሩ ትእዛዝ ጠፍቷል። አሮጌ ፎቶ አይቶ የሚመጣ ሰው አያገኘውም።

ከጥንዶቹ አንዱ ትራንስጀንደር ከሆነ ጉዳዩ ከቀለም ይከብዳል። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የሚሠራው የፍሎሪዳ ሕግ በመንግሥት ሕንጻዎች ያሉ መጸዳጃ ቤቶችን በውልደት ጾታ ይለያል፤ የመንግሥት ሠራተኛ «ውጣ» ብሎ ሲያዝ አለመውጣት ያስከስሳል። ይህ አየር ማረፊያውንና የክፍለ ሀገር ፓርኮችን ይመለከታል። ለአንድ ሰው የተሠራ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ መጸዳጃ የት እንዳለ ቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ቡና ቤት በዚህ ሕግ ውስጥ አይገቡም።

ወረቀት

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ጥንዶች፣ እርስ በርስ «ዜጋ» ለሚባባሉት ጭምር፣ ኪ ዌስት ከካሪቢያን ደሴቶች የምትመረጥበት አንድ ትልቅ ምክንያት አላት፦ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል። ስለዚህ ከማያሚ ወደ ባሃማስ የሚሄድ የአንድ ቀን መርከብ እንኳን ለእንዲህ ያለ ሰው አይሆንም። ከኪ ዌስት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ የሚገኘው ድራይ ቶርቱጋስ ብሔራዊ ፓርክ ግን፣ በጀልባ ከሁለት ሰዓት በላይ ቢወስድም፣ የአሜሪካ ግዛት ነው።

ይህ ማለት ግን ሰነድ ቤት ይቀራል ማለት አይደለም። ከግንቦት 2025 ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ የክፍለ ሀገር መታወቂያ) ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የሥራ ፈቃድ ካርድ ያገለግላሉ። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ ዜግነት የሌለው ሰው የምዝገባ ማስረጃውን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ሕጉ ያዛል። ወደ ደሴቶቹ የሚያስገባው መንገድ ከድንበር ጠባቂዎች ጋር የቆየ ታሪክ አለው፦ በ1982 ፍሎሪዳ ሲቲ አጠገብ ኬላ ዘርግተው መኪና ሁሉ ሲፈትሹ ትራፊኩ ለሰዓታት ተቆለፈ፤ የኪ ዌስት ሰዎችም በተቃውሞ ሚያዝያ 23 ቀን «የኮንክ ሪፐብሊክ» ብለው ነጻነት አወጁ (ኮንክ ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው)። ዛሬ ይህ የደሴቲቱ ዓመታዊ በዓል ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ጥያቄ ውስጥ ያለ ሰው ግን ከጉዞው በፊት ጠበቃውን ያማክር።

መድረስ

በአውሮፕላን ለሚሄዱ፣ የኪ ዌስት አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ 1,550 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሙቀት ቀን አውሮፕላን ለመነሳት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ስለሚሻ አየር መንገዶች ክብደት ይቀንሳሉ፤ ሻንጣ ወይም ተሳፋሪ ወደ ቀጣዩ በረራ የሚተላለፈው በዚህ ነው። የአንድ ቀን ልብስ፣ መድኃኒትና የዋና ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን። የኤችአይቪ ወይም የፕሬፕ (ኤችአይቪ እንዳይይዝ የሚወሰድ) መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከነብልቃጡ፣ ሦስት አራት ቀን ትርፍ ጨምሮ፣ በእጁ ይያዝ።

በመኪና ከማያሚ ሦስት ሰዓት ተኩል ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል። ኦቨርሲስ ሀይዌይ የሚባለው መንገድ 113 ማይል ሲሆን 42 ድልድዮች አሉት። በ1935 አውሎ ነፋስ ያፈረሰውን የባቡር መስመር ተከትሎ በ1938 ተከፈተ። አብዛኛው ክፍል በአንድ አቅጣጫ አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንድ ግጭት መንገዱን ለሰዓታት ይዘጋል፤ አርብ ከሰዓት መግባትና እሑድ ከሰዓት መውጣት ፈተና ነው። ቢግ ፓይን ደሴት ላይ ለትናንሾቹ አጋዘኖች ሲባል የሌሊት ፍጥነት 35 ማይል ነው፤ ቅጣቱ ይጠብቃል። ከማያሚ የሚወጡት የክፍያ መንገዶች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ የተከራዩት መኪና ድርጅት ለዚህ በቀን ስንት እንደሚያስከፍል ቁልፍ ከመቀበልዎ በፊት ይጠይቁ።

ደሴቲቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ መኪና ሸክም ነው። በአሮጌው ከተማ መንገድ ዳር ያሉት ቦታዎች አብዛኞቹ ለነዋሪ የተከለሉ ናቸው። ማረፊያው ማቆሚያ ከሌለው መኪናውን ሕንጻ ማቆሚያ ውስጥ ትቶ ብስክሌት መከራየት ይሻላል።

መቼ

ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቅና ለስላሳ ነው፤ ዋጋውም ጣሪያ የሚነካው ያኔ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ 32 ዲግሪ ይደርሳል፤ ወበቁ ከሙቀቱ ይብሳል። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ሲሆን አስጊው ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። መስከረም 2017 ኢርማ የመታቻቸው እነዚህን ደሴቶች ነው። ማዕበል ሲቃረብ ከነዋሪ በፊት እንዲወጡ የሚታዘዙት ጎብኚዎች ናቸው፤ መውጫው ደግሞ ያው አንድ መንገድ ነው። የጉዞ መድን ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ ቢገዛ ለዚያ ማዕበል አይከፍልም፤ ስለዚህ ክፍሉ በተያዘበት ቀን ይገዛ።

የፕራይድ በዓል በሰኔ ነው። የሴቶች ሳምንት ዊሜንፌስት በመስከረም ይካሄዳል። ከ1979 ጀምሮ በጥቅምት መጨረሻ የሚከበረው ፋንታሲ ፌስት ደግሞ የሁሉም ሰው ነው፤ በአደባባይ ሰውነት በቀለም ተቀብቶ መታየት የተለመደበት፣ ክፍል ከወራት በፊት የሚያልቅበትና ማረፊያዎች ከአራት አምስት ሌሊት በታች የማይቀበሉበት ሳምንት ነው። ጸጥታ ፈልገው የሚመጡ ጥንዶች ቀኑን አይተው ይሽሹት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ የኅዳር የመጨረሻ ሳምንታትና የግንቦት መጀመሪያ ከሁሉ ይሻላሉ፤ ከምስጋና በዓሉ ቀናት በስተቀር ዋጋው ይረግባል፣ ባሕሩም ሞቅ ያለ ነው።

ማደሪያ

ዛሬ ሦስት ዓይነት ማረፊያ አለ። የመጀመሪያው ለወንዶች ብቻ የሆነው ነው፤ ፍሌሚንግ ጎዳና ላይ ያለው አይላንድ ሃውስ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን በመዋኛው ዙሪያ ልብስ መልበስ በውዴታ ነው። ይህ ድባቡ ክፍት የሆነ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች የሚቀራረቡበት ቦታ ነው፤ ከጥንዶቹ አንዱ ይህን ካልፈለገ ጠብ ይዞ ስለሚመጣ ከመክፈል በፊት ይነጋገሩበት። ሁለተኛው ለሁሉም ክፍት ሆኖ ባለቤቶቹና እንግዶቹ በብዛት ከማኅበረሰቡ የሆኑ ትናንሽ ማረፊያዎች ናቸው፤ ለአብዛኞቹ ጥንዶች የሚስማማው ይኸኛው ነው። ቁርስ አብሮ ይቀርባል፣ አመሻሹ ላይ እንግዶች መዋኛው ዳር ይተዋወቃሉ። ሦስተኛው ትልልቁ ሆቴል ነው፤ ማንም አያስተውላችሁም፣ ግን በዋጋው ላይ የሪዞርት ክፍያ ይጨመራል።

በክፍሉ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ ግብር አለ። ሲይዙ «አንድ ትልቅ አልጋ» ብለው በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ሲመዘገቡ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል «ለምቾታችሁ» ተብሎ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፣ ሌሊት ደርሶ መከራከር ደግሞ ዕረፍቱን ያበላሻል። ዱቫል ጎዳና ላይ ወይም ቡና ቤት በላይ ያለ ክፍል እስከ ሌሊቱ አሥር ሰዓት ሙዚቃ ይሰማል። ሁለት መንደር ገባ ያለ፣ በእግር አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ ቤት ቅርበትንም ጸጥታንም ያስማማል።

ባሕሩ

ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው፤ ኪ ዌስት ነጭ አሸዋ የተነጠፈባት ደሴት አይደለችም። ከ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው የኮራል ሪፍ ማዕበሉን ስለሚሰብረው አሸዋ አይከማችም፤ የስማዘርስና የሂግስ ዳርቻዎች አሸዋ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ለዋና የሚሻለው ፎርት ዛካሪ ቴይለር ፓርክ ሲሆን ውኃው ጥርት ያለ፣ ወለሉ ግን ድንጋያማ ነው፤ የውኃ ጫማ ከሌለ እግር ይቆስላል። እውነተኛ አሸዋ ለሚፈልጉ በመንገዱ ላይ 37ኛው ማይል ያለው ባሂያ ሆንዳ ፓርክ አለ፤ ሲመጡ ወይም ሲመለሱ ግማሽ ቀን ይመድቡለት። ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ሳርጋሰም የተባለው ቡናማ የባሕር አረም ዳርቻ ላይ ሊከመርና ሊሸት ይችላል። በሕዝብ ዳርቻዎች ራቁት መሆን ክልክል ነው።

ሪፉን ለማየት በካታማራን (ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ) መውጣት ነው፤ ለወንዶች ብቻ ወይም ለሴቶች የተዘጋጁ ጉዞዎችም አሉ። ነፋሱ ከበረታ ውኃው ይደፈርሳል፣ ሆድም ያውካል። የማቅለሽለሽ ኪኒን የሚጠቅመው ከመሳፈር አንድ ሰዓት በፊት ሲዋጥ ነው። በ2023 ሐምሌና ነሐሴ የባሕሩ ሙቀት ኮራሉን ክፉኛ አንጥቶታል፤ ስለዚህ ዚንክ ያለበትን የፀሐይ ቅባት ይምረጡ። ኪ ዌስት ኮራል የሚጎዱ ቅባቶችን አግዳ ነበር፤ ክፍለ ሀገሩ በ2020 እገዳውን ሻረው፣ ኃላፊነቱ የጎብኚው ሆነ። ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ቅባቱን በየሁለት ሰዓቱ ማደስ ነው።

ምሽትና ማዕድ

ፀሐይ ስትጠልቅ ማሎሪ አደባባይ የጎዳና ትርኢተኞች ይሰበሰባሉ፤ ለእነሱ የሚሆን ዝርዝር ብር ይያዙ። ከዚያ በኋላ የዱቫል 700ዎቹና 800ዎቹ ቁጥሮች የማኅበረሰቡ ሰፈር ናቸው፤ 801 ቦርቦን ባርና ቦርቦን ስትሪት ፐብ እዚያ ይገኛሉ። ወደ ላይ ከፍ ሲሉ ላ ቴ ዳ አለ፤ የኩባው የነጻነት ታጋይ ሆሴ ማርቲ ከሰገነቱ ንግግር ያደረገበት ቤት ሲሆን አሁን ድራግ (በተቃራኒ ጾታ አለባበስና ማጌጫ የሚቀርብ ትርኢት) እና ካባሬ ይታይበታል። ለድራግ ተዋናዮች ብር በእጅ መስጠት ወጉ ነው። ሒሳብ ላይ 18 በመቶ ጉርሻ አስቀድሞ የሚጨምሩ ቤቶች ስላሉ ደረሰኙን ሳያነቡ ደግመው አይክፈሉ።

ምግቡ የኩባና የባሕር ነው፤ ሮዝ ሽሪምፕ፣ የኮንክ ጥብስ፣ የኪ ላይም ፓይ፣ ጠንካራ የኩባ ቡና። ጥቁር ባቄላና ሩዝ የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ባቄላው በአሳማ ሥጋ ይበሰላልና ይጠይቁ።

ፎቶና ደኅንነት

ደሴቲቱ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ ማንንም አያስደንቅም። አደጋው ከቤት ጋር በሚያገናኘው ስልክ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ ቤተሰብ ያላወቀ ደግሞ ብዙ ነው። ከጉዞው በፊት የፎቶዎቹን ቦታ መጠቆሚያ ያጥፉ፣ ሌላ ሰው ታግ ሲያደርግ ሳይፈቅዱ እንዳይወጣ ያስተካክሉ። በድራግ ትርኢትና በማሎሪ አደባባይ የሚቀርጽ ሰው አይጠፋም፤ ፊት ረድፍ አለመቀመጥ ብቻውን ብዙ ይረዳል። የመርከብ ፎቶ አንሺዎች ምስሉን ለማስታወቂያ ሊጠቀሙበት ስለሚችሉ የሚያስፈርሙትን ወረቀት አንብበው፣ ካልፈለጉ ያንን መስመር ሰርዘው ይፈርሙ።

ማለዳ ላይ ወደ ዋይት ስትሪት የባሕር ድልድይ መሄድ ተገቢ ነው። በመግቢያው በ1997 የተመረቀው የኤድስ መታሰቢያ አለ፤ የሟቾች ስም በጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ዛሬ ጥንዶች በነጻነት የሚያድሩባቸውን ቤቶች ከጠገኑት ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ አሉ። ሄይማንም በ1994 በዚሁ በሽታ አርፏል።

እዚያው መጋባት

በመላው ፍሎሪዳ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ የተፈቀደው ጥር 6 ቀን 2015 ሲሆን፣ በኪ ዌስት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወንዶች እኩለ ሌሊት እንዳለፈ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተጋቡ። ክስ መሥርተው በ2014 በካውንቲው ፍርድ ቤት የረቱት እነሱው ነበሩ። ፈቃዱን የሚሰጠው የሞንሮ ካውንቲ ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለቱም መታወቂያ ይዘው በአካል መቅረብ አለባቸው፤ የደም ምርመራ የለም፣ ዜግነትም አይጠየቅም። የፍሎሪዳ ነዋሪ ኮርስ ካልወሰደ ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ግን በዚያው ቀን ሊጋቡ ይችላሉ። ፈቃዱ ለ60 ቀን ያገለግላል። ያጋባው ሰው የተፈረመውን ወረቀት በ10 ቀን ውስጥ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መመለስ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው ይህ ነው። የተመሰከረለት ቅጂ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ ለኢሚግሬሽን ወይም ለጤና መድን የሚያስፈልጋቸው ጥንዶች ደሴቲቱን ከመልቀቃቸው በፊት ወረቀቱ መመለሱን ይጠይቁ፣ ሁለት ሦስት ቅጂም በአንድ ጊዜ ይዘዙ።