በአፍ የሚሰጥ የወፍ ጉንፋን ክትባት ውስጥ ባክቴሪያው ምን ይሠራል?

በጎንደርና በአዘዞ ዶሮ በምናረባ ሰዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሳው ጥያቄ፣ «የወፍ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ከሆነ ክትባቱ ስለ ምን በባክቴሪያ ይሠራል? ዶሮዎቹንስ አያሳምምም?» የሚል ነው።

ባክቴሪያው እዚህ ተሸካሚ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በሽታ የማምጣት አቅሙ የተዳከመ ሳልሞኔላ ወይም እንደ ላክቶኮከስ ያለ ጉዳት የሌለው ባክቴሪያ ወስደው፣ ከቫይረሱ የውጭ ፕሮቲኖች አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ ሄማግሉቲኒን የሚባለውን፣ የሚያሠራ ዘረ መል ያስገቡበታል፤ ዶሮዋ ይህን በአፏ ስትወስድ በአንጀቷ ያሉ የመከላከያ ሕዋሳት ፕሮቲኑን ለይተው ፀረ እንግዳ አካል ማዘጋጀት ይጀምራሉ። ሙሉ ቫይረስ ስለሌለበት የወፍ ጉንፋን ሊያስይዝ አይችልም።

ተሸካሚው ሥራውን የሚሠራው በሕይወት ሲኖር ስለሆነ፣ ለምሳሌ አንዲት አርቢ ሰኞ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በውሃ በጥብጣ ሰጥታ፣ ማክሰኞ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ የያዘ ክትባት ብታጠጣ፣ መድኃኒቱ ተሸካሚውን ሥራ ሳይጀምር ሊገታው ይችላል።

እስከዚህ ያለው እርግጠኛ ነው። የሚለያየው የባክቴሪያው ዓይነት፣ ክትባቱ ስንት ጊዜ እንደሚደገምና ምን ያህል እንደሚከላከል ነው፤ ኤች 5 ለሚባለው የቫይረሱ ዓይነት የተዘጋጀም ኤች 7 የሚባለውን ሌላ ዓይነት ይከላከላል ተብሎ አይታመንበትም። እነዚህ ክትባቶች በአብዛኛው ገና በምርምር ላይ ሲሆኑ፣ በሌሎች አገሮች በሥራ ላይ ያሉት የወፍ ጉንፋን ክትባቶች በብዛት በመርፌ የሚሰጡ ናቸው።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ መደባለቅ ነው፦ በቢሾፍቱ ተመርቶ እኛ በመጠጥ ውሃ የምንሰጠው ክትባት የፈንግል ነው፤ ከወፍ ጉንፋን ፈጽሞ አይከላከልም። ስለዚህ የተከተቡ ዶሮዎች በድንገት በብዛት ቢሞቱ፣ ሬሳውን ሳይበልቱና ሳይሸጡ ወዲያውኑ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል።