ላቲፊ አልተገዛም፦ ስለ 2021 ፎርሙላ ዋን በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ባለፈው ጸጉር ቤት ተራዬን ስጠብቅ ሁለት ልጆች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ «ላቲፊን ገዝተው ነው ሃሚልተንን የበሉት» ይላል። ሌላው «ሂድ እባክህ! ዳኛው ሕጉ የፈቀደለትን ነው ያደረገው» ብሎ ይመልሳል። ጸጉር ቆራጩ ማሽኑን አጥፍቶ ያዳምጣል። እኔ ዝም አልኩ፤ ግን ሁለቱም ተሳስተዋል።

ላልተከታተለ ሰው ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና 22 ውድድሮች ነበሩት። ከ21ዱ በኋላ የሜርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተንና የሬድ ቡሉ ማክስ ቨርስታፕን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው አቡ ዳቢ ገቡ። ቀኑ እሁድ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ ሰዓት ከቀኑ አስር። ውድድሩ 58 ዙር ሲሆን፣ አብዛኛውን የመራው ሃሚልተን ነው። 53ኛው ዙር ላይ የዊሊያምሱ ኒኮላስ ላቲፊ ግድግዳ መታ፤ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲደርስ ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ የሚመራው፣ መቀዳደም የሚያስቆመው መኪና) ወጣ። ቨርስታፕን ገብቶ አዲስ ለስላሳ ጎማ አሰረ። ሃሚልተን በአሮጌው ቀጠለ። ከዚያ ውድድሩ ለአንዲት ዙር ብቻ ተከፈተ፤ ቨርስታፕን 5ኛው ኩርባ ላይ አለፈው። አለቀ።

ወሬው ግን እስከ ዛሬ አላለቀም።

«ላቲፊ ተገዝቶ ነው የተጋጨው»

ከዚህ ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነውና። ዊሊያምስ ሞተር የሚገዛው ከማን ነው? ከሜርሴዲስ። ሃሚልተንን ለመጣል ሰው የሚፈልግ አካል ቢኖር እንኳ፣ በሜርሴዲስ ሞተር ከሚሮጥ ቡድን መጀመሩ ትንሽ ይገርማል። የሆነው ነገር ተራ ነው። ላቲፊ ከኋላ ሆኖ ከሚክ ሹማኸር ጋር ቦታ ሲናጠቅ ቆየ፤ 14ኛው ኩርባ ላይ መኪናው ከእጁ አመለጠ። በየውድድሩ የሚታይ ስህተት ነው።

እሱ ግን ብዙ ከፈለበት። በማኅበራዊ ሚዲያ የግድያ ዛቻ ወረደበት። ለንደን ሲመለስ ጠባቂ አስከትሎ እስከመሄድ ደረሰ።

«ሜርሴዲስ ተሸወደ፤ ሃሚልተንን ጠርቶ ጎማ መቀየር ነበረበት»

ውጤቱን ካወቁ በኋላ ይህን ማለት ቀላል ነው። እስቲ በዚያች ደቂቃ የሜርሴዲስ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ።

ሃሚልተን ከ11 ሴኮንድ በላይ ይመራል። ሴፍቲ ካር ወጣ። የጎማ መቀየሪያው መግቢያ ጋ ቀድሞ የሚደርሰው መሪው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መወሰን ያለበት እሱ ነው፤ ቨርስታፕን ከኋላ ሆኖ አይቶ ተቃራኒውን ያደርጋል። ሃሚልተን ቢገባ ቨርስታፕን ይቀራል፤ መሪነቱም የቨርስታፕን ይሆናል። ከዚያ ውድድሩ በሴፍቲ ካር ተመርቶ ቢጠናቀቅስ? የቀሩት አምስት ዙሮች ናቸው፤ ትራኩ ላይ የመኪና ስብርባሪ አለ፤ የሚነሳ መኪና አለ። እንዲህ መጠናቀቁ በጣም የሚጠበቅ ነገር ነበር። ሜርሴዲስ ዋንጫውን በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ቨርስታፕን በተቃራኒው የሚያጣው ነገር አልነበረውም። ጎማ ቀይሮ ሲወጣም ያው ሁለተኛ ነው።

ሜርሴዲስን መውቀስ የፈለገ ሰው ወደ ኋላ ይመለስ፤ ወደ 36ኛው ዙር ገደማ። የጆቪናዚ አልፋ ሮሜዮ ቆማ ሁሉም ፍጥነት እንዲቀንስ ሲታዘዝ፣ ቨርስታፕን ገብቶ ጎማ ቀየረ፤ ሃሚልተን አልገባም። በ14ኛው ዙር ያሰረውን ጠንካራ ጎማ ይዞ ነው መጨረሻው ላይ የደረሰው፤ 44 ዙር የበላ ጎማ። ግን ያኔም ቢሆን ስሌቱ ሠርቷል፤ ቨርስታፕን በአዲሱ ጎማ እያሳደደው ሊደርስበት አልቻለም። ላቲፊ ባይጋጭ ኖሮ ዛሬ ያንን ውሳኔ የሚያነሳው የለም።

«ዳኛው ሕጉ የሚፈቅድለትን ነው ያደረገው»

እዚህ ጋ ቆም እንበል።

በሴፍቲ ካሩ ጊዜ በሃሚልተንና በቨርስታፕን መሀል አምስት መኪናዎች ነበሩ፦ ኖሪስ፣ አሎንሶ፣ ኦኮን፣ ለክሌርና ቬትል። አምስቱም በመሪው አንድ ዙር የተቀደሙ ናቸው። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ሴፍቲ ካሩን አልፈው፣ ዞረው ከሰልፉ ኋላ እንዲቆሙ ሊፈቀድላቸው ይችላል። ሥራው ግን ጊዜ ይበላል።

ወሬው «ዳኛው» የሚለው የውድድሩን ዳይሬክተር ማይክል ማሲን ነው። መጀመሪያ ማለፍ እንደማይፈቀድ ተነገረ። የሬድ ቡል ሰዎች በሬዲዮ ወተወቱት፤ ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው አንድ የውድድር ዙር ብቻ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ሐሳቡ ተቀየረ፤ አምስቱ ብቻ እንዲያልፉ ታዘዙ። ወዲያውኑ፣ በዚያው ዙር መጨረሻ፣ ሴፍቲ ካሩ ገባ።

ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ የተቀደሙ መኪናዎች ይለፉ። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው መኪና ካለፈ በኋላ ሴፍቲ ካሩ የሚገባው *በሚቀጥለው* ዙር መጨረሻ ነው። መኪናዎቹ ያለፉት 57ኛው ዙር ላይ ነው። የሚቀጥለው ዙር 58ኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ነው። እንደ ሕጉ ቢኬድ ውድድሩ በሴፍቲ ካር ተመርቶ ያልቃል፤ ሃሚልተንም ስምንተኛ ዋንጫውን ያነሳል።

በመኪናዎቹ ላይ የተነሳው ክርክር ደግሞ የቋንቋ ነበር። የሕጉ የእንግሊዝኛ ቃል ወደ እኛ ሲመጣ «ማንኛውም የተቀደመ መኪና» እንደማለት ነው። ሬድ ቡል «ማንኛውም ማለት ሁሉም ማለት አይደለም» ብሎ ተከራከረ። በአማርኛ «ማንኛውም መኪና ይለፍ» ብላችሁ፣ አምስቱን አሳልፋችሁ ሦስቱን ብታስቀሩ፣ የት ትደርሳላችሁ?

አዎ፣ ሦስት ቀርተዋል። ሁሉም ሰው የሚያየው የፊቱን ድራማ ስለሆነ ካርሎስ ሳይንዝን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የፌራሪው ሳይንዝ ሦስተኛ ነበር። በእሱና በቨርስታፕን መሀል የሪካርዶና የስትሮል መኪናዎች ነበሩ፤ ሁለቱም የተቀደሙ። እነሱ እንዲያልፉ አልተፈቀደም። ስለዚህ ቨርስታፕን ፊቱ መንገዱ ተጠርጎለት፣ ኋላው ደግሞ አጥር ተሠርቶለት ነው ያችን ዙር የነዳው። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ነበር። ቀይ ባንዲራ አውጥቶ ውድድሩን ማቆም። በቀይ ባንዲራ ሁለቱም ጎማ መቀየር ይችላሉ፤ ከዚያ በእኩል ይፋለማሉ። ማሲ ግን ያን መንገድ አልመረጠም። ከቡድኖቹ ጋር አስቀድሞ የተደረሰ መግባባት ነበር፤ ከተቻለ ውድድር በሴፍቲ ካር እንዳያልቅ። ሰውየው ያንን ለማሟላት ሮጠ፤ ሲሮጥ ሕጉን ረገጠ።

«ፊያ ራሱ ምንም ስህተት የለም ብሏል»

ግማሽ እውነት ነው። ፊያ ማለት ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሜርሴዲስ ሁለት አቤቱታ አቀረበ፤ ሁለቱም ውድቅ ሆኑ። ይግባኝ ለማለት ተነሥቶ ከአራት ቀን በኋላ ተወው። እዚህ ድረስ ወሬው ልክ ነው።

የተረሳው ቀጣዩ ነው። ፊያ ጉዳዩን መርምሮ በመጋቢት 2014 ሪፖርት አወጣ። በመኪናዎቹ ማለፍ ሂደት ላይ ሰብአዊ ስህተት መፈጸሙን አመነ። ዳይሬክተሩ በቅን ልቦና እንደሠራ፣ ውጤቱም እንደማይቀየር ጻፈ። ማሲ ከዚያ በፊት፣ የካቲት ላይ፣ ከቦታው ተነሥቶ ነበር። ያቺ «ማንኛውም» የምትል ቃልም ከሕጉ ወጥታ በ«ሁሉም» ተተካች። ስህተት ከሌለ ቃል አይቀየርም።

«ስለዚህ ቨርስታፕን የማይገባውን ነው የወሰደው»

አይደለም። የዳኛው ስህተት ሌላ፣ የሾፌሩ ችሎታ ሌላ።

ዓመቱን ሙሉ እንየው። ቨርስታፕን 10 አሸነፈ፣ ሃሚልተን 8። ቨርስታፕን 18 ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ገብቷል፤ በአንድ ዓመት ያን ያህል ጊዜ የገባ ከዚያ በፊት አልነበረም። ዕድልም ሁሌ ከእሱ ጋር አልነበረችም። ባኩ ላይ እየመራ፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው፣ ጎማው ፈነዳ፤ ከመኪናው ወርዶ ጎማውን በእርግጫ ሲለው ሁላችንም አይተናል። ሲልቨርስቶን ላይ በመጀመሪያው ዙር ከሃሚልተን ጋር ተነካክተው ከመሬት ስበት 51 እጥፍ (51 ጂ) በሆነ ግጭት ግድግዳ ገባ። ሃንጋሪ ላይ የሃሚልተን የቡድን ጓደኛ ቦታስ የፈጠረው ግጭት መኪናውን ሰባበረበት።

ሃሚልተን ደግሞ ኢሞላ ላይ ተንሸራቶ ጠጠር ውስጥ ገብቶ ነበር። ቦታስና ራስል ተጋጭተው ቀይ ባንዲራ ባይወጣ ኖሮ ከዚያ ወደ ሁለተኛነት መመለሱ ዘበት ነው። ባኩ ላይ ቨርስታፕን ከወጣ በኋላም መንገዱ ክፍት ነበር። ውድድሩ እንደገና ሲጀመር ሃሚልተን ሳያውቅ መሪው ላይ ያለችውን የፍሬን ማስተካከያ ነካ፤ የፊት ጎማዎቹ መሽከርከር አቁመው ተቆለፉና ከመንገዱ ቀጥታ ወጣ። 15ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዜሮ ነጥብ። በስምንት ነጥብ ልዩነት ባለቀ ዓመት፣ ያቺን የእጅ ንክኪ የሚያስታውስ የለም።

ይህን ስል የሃሚልተንን ብራዚል መርሳቴ አይደለም። የኋላ ክንፉ ክፍተት ከሚፈቀደው 85 ሚሊ ሜትር በ0.2 በልጦ ተገኘና የቅዳሜውን አጭር ውድድር ከመጨረሻ እንዲነሣ ተፈረደበት፤ አምስተኛ ወጣ። በሞተር ቅጣት እሁድ ከ10ኛ ተነሣ፤ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ እንዲያ ያለ ቅዳሜና እሁድ አላየሁም።

«ዋንጫው የተወሰነው ስፓ ላይ በታደለው ግማሽ ነጥብ ነው»

ቤልጅየም፣ ስፓ ላይ ዝናቡ አላቆም አለ። መኪናዎቹ ከሰዓታት ጥበቃ በኋላ በሴፍቲ ካር ጀርባ ጥቂት ዙር ተንሸራሸሩና ግማሽ ነጥብ ታደለ። አሳፋሪ ነበር፤ አልክድም። ግን ሂሳቡን እንሥራው። የመጨረሻው ውጤት 395.5 ለ387.5 ነው። ስፓ ላይ ቨርስታፕን 12.5፣ ሃሚልተን 7.5 አገኙ። ስፓን ሙሉ በሙሉ ብንሰርዘው 383 ለ380 ይሆናል። ዋንጫው አሁንም የቨርስታፕን ነው።

«ሁለቱም ቢወጡ ኖሮ ዋንጫውን ይካፈሉ ነበር»

አይካፈሉም። ነጥብ እኩል ሲሆን ብዙ ያሸነፈ ይወስዳል። አቡ ዳቢ ሲገቡ ቨርስታፕን 9፣ ሃሚልተን 8 ነበራቸው። ቨርስታፕን ሆን ብሎ ቢገጨውስ የሚለው ስጋት የመጣው ከዚህ ነው፤ አዘጋጆቹም እንዲህ ያለ ነገር ነጥብ ሊያስቀንስ እንደሚችል አስቀድመው አስጠንቅቀዋል።

«ሬድ ቡል ከበጀት በላይ ስላወጣ ዋንጫው መነጠቅ አለበት»

ሬድ ቡል በ2021 ለቡድኖች ከተቀመጠው የወጪ ጣሪያ በላይ ማውጣቱ እውነት ነው፤ 1.86 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ 1.6 በመቶ። በሕጉ ከ5 በመቶ በታች ያለው «ቀላል» ተብሎ ይመደባል። በእርግጥ ለቀላሉም ነጥብ መቀነስ በሕጉ ተቀምጧል። ነገሩ ግን በስምምነት ተዘጋ፦ 7 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትና ከአየር ፍሰት ሙከራ ጊዜው 10 በመቶ ቅነሳ። ቅጣቱ አንሷል የሚል ቢኖር አልከራከርም። «ሕጉ ዋንጫ ይነጥቃል» የሚለው ግን በራስ የተጨመረ ነው።

«ሃሚልተን ሽንፈቱን አልተቀበለም»

ይሄኛው ያናድደኛል። ያን ዕለት ሃሚልተን ከመኪናው ወዲያው አልወረደም፤ መሪውን ይዞ ደቂቃዎች ተቀመጠ። ከወረደ በኋላ ግን ወደ ቨርስታፕን ሄዶ ጨበጠው። አባቱ አንቶኒም አብሮ መጥቶ እንኳን ደስ አለህ አለ። ሜርሴዲስ በቡድኖች ሻምፒዮና ለስምንተኛ ተከታታይ ዓመት አሸንፎ ነበር፤ በዚያ ጫጫታ ውስጥ ያየው ሰው አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ሃሚልተን ዊንዘር ቤተ መንግሥት ሄዶ ከልዑል ቻርልስ እጅ የ«ሰር» ማዕረጉን ተቀበለ። በማግስቱ ፓሪስ ላይ የሽልማት ምሽት ነበር፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ።