«የዓይን ሐውልት» ምንድን ነው? የቡዳ መከላከያ አይደለም!

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ የየመንን የጥንት መቃብር ድንጋይ ፎቶ ለጥፎ «የጥንት ዐረቦች ከቡዳ የሚጠበቁበት ክታብ» ብሎ ጻፈበት፣ ሰዉም እየተቀባበለ ሼር አረገው። ኧረ በፈጠራችሁ! ሁለት ዓይን ስላለው ብቻ ከቡዳ ይጠብቃል ከሚባለው ሰማያዊ የቱርክ ዶቃ ጋር ምን አገናኘው?

የዓይን ሐውልት ለሞተ ሰው የሚቆም ድንጋይ ነው። የመን ጀውፍ የተገኙትን ብታዩ ከላይ ስም፣ ከስሙ ሥር ሁለት ዓይንና ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ ብዙም ሌላ ነገር የለበትም። አንዳንዱማ አፍ እንኳን የለውም። ሰሜን ሳዑዲ ተይማ የተገኘው ደግሞ (ከክርስቶስ ልደት በፊት 5ኛው ወይ 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው) በአራማይክ ቋንቋ የዘይድ ልጅ ተይም የሚባል ሰው ሐውልት መሆኑ ተጽፎበታል። ክታብ ቢሆን የሟች ስም ምን ይሠራለታል?

እንደ መታወቂያ አስቡት፣ ስምና ጉርድ ፎቶ። ፎቶው ባያምርም «ይሄ እገሌ ነው» ካለ ይበቃል። የቃታባን (የጥንት የመን መንግሥት) ዋና ከተማ ቲምና ላይ ደሞ ፎቶው ለብቻ ነው የሚሠራው፣ ከአልባስተር (ለስላሳ ነጣ ያለ ድንጋይ ነው) ጭንቅላት ይቀረጽና ስም በተጻፈበት መቆሚያ ላይ በጄሶ ይጣበቃል። ስለዚህ ዘራፊ ጭንቅላቱን ነቅሎ ሲሸጥ ፎቶው ከመታወቂያው ተገነጠለ ማለት ነው፣ በየሙዚየሙ ስም አልባ ፊት የበዛውም ለዚህ ነው። ዓይኑ ጎድጉዶ ባዶ ሲያዩት «ዕውር አርገው ቀረጹት» የሚሉም አሉ፣ አይደለም፣ ከሌላ ነገር የተሠራ ዓይን ተገጥሞበት ነበር፣ ወድቆ ነው።

«ታዲያ ክፉ ዓይን አይፈሩም ነበር?» ላልከኝ ወንድሜ፣ የሰው ክፋትማ በደንብ ይፈሩ ነበር። የሳባ ሰዎች አልመቃህን (እኛም አገር ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ መሠዊያው የተገኘለትን አምላክ) ከጠላት ጉዳትና ተንኮል ጠብቀን እያሉ በጽሑፍ ይለምኑታል። ግን ያ ልመና ያለው ለቤተ መቅደስ ስጦታ ባስገቡት ጽሑፍ ላይ ነው፣ ፎቶው የተለጠፈው የመቃብር ድንጋይ ላይ አይደለም።

ደሞ አሁን ዓይን ያለው ድንጋይ ሁሉ መቃብር ነው እንዳትሉ አደራ። ዮርዳኖስ ያለችው ጥንታዊት ከተማ ፔትራ፣ «ባለ ክንፍ አንበሶች» በሚባለው ቤተ መቅደስ ውስጥ የተገኘው ዓይናማ ድንጋይ ላይ «የኒባት ልጅ የሐያን እንስት አምላክ» የሚል ነው የተጻፈው፣ ያ ፊት የአምላክ እንጂ የሟች አይደለም። ፊቱን ብቻ አይቶ የሚለይ የለም፣ እኛም የምንለየው ከጽሑፉና ከተገኘበት ቦታ ነው።