ሽፓርቫሰር እና የሃምቡርጓ ግብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በኖረችበት ዘመን የምሥራቅና የምዕራብ ዋና ብሔራዊ ቡድኖች የተጋጠሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1974፣ በሃምቡርግ ከተማ፣ በዓለም ዋንጫ። ምሥራቆቹ 1 ለ 0 አሸነፉ። ግቧን ያስቆጠረው ዩርገን ሽፓርቫሰር ይባላል። ስሙን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚያም ብዙዎቹ የያዙት ወሬውን ነው።

«ግቧ ምሥራቅ ጀርመንን ወደ ቀጣዩ ዙር አሳለፈች» ይባላል። አላሳለፈችም። በዚያው ዕለት ቀደም ብሎ ቺሊና አውስትራሊያ ያለ ግብ ስለተለያዩ፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሜዳ ሳይገቡ ማለፋቸውን አውቀው ነበር። የቀረው ምድቡን በአንደኛነት የሚጨርሰው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ወሬ ተወለደ፦ «ምዕራብ ጀርመን በቀጣዩ ዙር ቀላል ምድብ ፈልጋ ሆን ብላ ተሸነፈች»። ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው ያሳምናል። አሸናፊዋ ምሥራቅ ጀርመን ብራዚል፣ ሆላንድና አርጀንቲና ካሉበት ምድብ ገብታ በሁለቱ ተሸነፈች፣ ከአርጀንቲና ጋር አቻ ወጣች። ተሸናፊዋ ፖላንድን፣ ስዊድንንና ዩጎዝላቪያን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ጨዋታውን ላየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የምዕራቡ አጥቂ ገርድ ሙለር የመታት ኳስ የግቡን ቋሚ መታ ተመለሰች። ግብ ሲጠፋ አሰልጣኙ ሄልሙት ሾን ጉንተር ኔትዘርን ቀይሮ አስገባ። መሸነፍ የፈለገ ቡድን እንዲህ አያደርግም። ከሽንፈቱም በኋላ ሾን በጣም ተሰብሮ ነበር፤ አሰላለፉም ተለወጠ።

በ77ኛው ደቂቃ ኤሪክ ሃማን ከቀኝ በኩል ረጅም ኳስ ላከ። ሽፓርቫሰር እንዳሰበው አልተቀበላትም፤ ኳሷ ፊቱን ነክታ ወደፊት ነጠረች። ዕድል ይሁን ሌላ፣ ያች ንክኪ ተከላካዮቹን አሳሳተች። ግብ ጠባቂው ሴፕ ማየር ሲወድቅ እሱ ከላይ አስገባትና ሣሩ ላይ ተገለባበጠ።

«በዚያች ግብ ሀብታም ሆነ» የሚለው ወሬ ደግሞ በገዛ አገሩ የተናፈሰ ነው። መንግሥት መኪና ሰጠው፣ ቤት ሰጠው፣ ጠቀም ያለ ገንዘብም ጨመረለት ተባለ። እሱ ራሱ ሐሰት መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። በእኔ ግምት ወሬው ሥር የሰደደው ባለሥልጣናቱ ድሉን የኮሚኒስት ሥርዓታቸው ድል አድርገው ስላራገቡት ነው፤ ሕዝቡም ለእንዲህ ያለ ውለታ የሚከፈል ነገር አይጠፋም ብሎ አሰበ።

እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ «የአንድ ግብ ሰው ነው» የሚለው ነው። ከሃምቡርግ ስድስት ሳምንት ብቻ ቀደም ብሎ፣ ሜይ 8 ቀን፣ ክለቡ ማግደቡርግ ሮተርዳም ላይ ኤሲ ሚላንን 2 ለ 0 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዷል። የምሥራቅ ጀርመን ክለብ የአውሮፓ ዋንጫ ያነሣው ያኔ ብቻ ነው። ሆኖም ወደ 5,000 ገደማ ተመልካች ብቻ በተበታተነበት ሰፊ ስታዲየም የተገኘ ድል በማን ይታወሳል? ሽፓርቫሰር ከማግደቡርግ ጋር በ1972፣ በ1974 እና በ1975 የሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በከፍተኛው ሊግ ከ100 በላይ ግቦች አሉት፤ በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክም ነሐስ አግኝቷል። በጉዳት ምክንያት በ1979 ጫማውን ሰቀለ።

የመጨረሻው «የሥርዓቱ ታማኝ ነበር» የሚለው ነው። ማግደቡርግን አሰልጥን ሲባል አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። በ1988፣ የበርሊን ግንብ ሊፈርስ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቀረው፣ ለአንጋፋ ተጫዋቾች ውድድር ወደ ዛርብሩከን ሄደና በዚያው በምዕራብ ቀረ። የአይንትራክት ፍራንክፈርት ክለብ ረዳት አሰልጣኝ፣ ቀጥሎም የዳርምሽታት 98 ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። መቃብሬ ላይ «ሃምቡርግ 74» ብቻ ቢጻፍ ከሥር ያለው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል ብሎ ይቀልድ ነበር።